ኬክ ቤት የተገናኘን ባልና ሚስት

ዛሬ ባለቤቴን መካኒሳ አቦ አካባቢ ካለ ኬክ ቤት እጅ ከፍንጅ ያዝኩት። ችግሩ፣ እሱም እኔን ያዘኝ።

ሐኪሙ «ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ተጠንቀቅ» ካለው ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኗል። ሻይ ያለ ስኳር፣ ሽሮው ዘይቱ የተቀነሰ፣ ጎመን በየቀኑ። ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ እኔም ጣፋጭ ትቻለሁ። ትቻለሁ ብዬ ነበር፣ ማለቴ ነው።

ጠዋት እሱ «ልብስ ሰፊው ጋ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ቲማቲም ልገዛ ብዬ ወጣሁ። የኬክ ቤቱን በር ገፋ ሳደርግ ባለቤቴ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ትልቅ ቦምቦሊኖ።

ተያየን።

«ቲማቲም እዚህ መሸጥ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ።

«ልብስ ሰፊውስ የታል?» አልኩት።

ሳቃችን አልቆም አለ። አስተናጋጇም ነገሩ ሳይገባት አብራን ሳቀች።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁንማ ከስኳሩ ይልቅ የምፈራው አንቺን ሆኗል» አለኝ።

ይቺ ነካችኝ። ከፈራኝማ ነገ ቢያመውም ይደብቀኛል።

ቢላ አስመጣሁና ቦምቦሊኖውን ለሁለት ቆረጥኩት። ቀስ ብለን እያወራን በላን። ከእንግዲህ ሲያምረን አንድ ላይ መጥተን አንድ ለሁለት እንድንበላ፣ ሌላው ቀን ጎመናችን እንዲቀጥል ተስማማን። ታክሲውን ትተን በእግራችን ተመለስን።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፤ ከቤት ሰው ተደብቃችሁ የምትበሉት ምንድን ነው? አይዟችሁ፣ እኛ ቤት አሁን ማንም አይቆጣም።