የሦስተኛው መስኮት እንባ

በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ ቅሬታ መቀበያ ክፍል፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ አሥራ ስድስት ዓመት የተቀመጠውን ሰው ባልደረቦቹ «ድንጋዩ» ይሉት ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰው ቧንቧዬ ደረቀ ብሎ አንጀቱ እያረረ ሲነግረው፣ እሱ ፎርሙን ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ከማለት ሌላ ቃል ስለማይተነፍስ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚሁ ጠባዩ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፈውበታል። ሁለቱንም እዚያው ቆሞ ፈርሞ ተቀብሏል።

አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ የቅሬታ ወረቀታቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾልከው ፊቱ ላይ ሲያርገበግቡት፣ ጠርዙ ግራ ዓይኑን ጫረው። የዓይን ሐኪሟ አይታ ጠብታ ሰጠችው፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለው፤ ነገሩንም ረሳው።

ዓይኑ ግን አልረሳም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነቅቶ ዓይኑን ገለጥ ቢያደርግ፣ የዓይኑ ቆብ ልጣጭ ይዞ የተነሣ መሰለው። ጮኸ፤ እንዲህ ጮኾ ስለማያውቅ ሚስቱ እባብ ነው ብላ ወንበር ላይ ወጣች። እንባው እስከ ቀትር አላባራም። ሐኪሟ በመሣሪያዋ አይታ ነገሩን አስረዳችው። የዓይኑ የፊት ቆዳ ጭረቱ ላይ መልሶ በቅሏል፤ ከሥሩ ጋር ግን በደንብ አልተጣበቀም። በእንቅልፍ ዓይን ይደርቃል፤ ቆቡ ይይዘዋል፤ ጠዋት ቶሎ ሲገለጥ ቆዳውን ይዞት ይነሣል። በምራቅ ብቻ እንደተለጠፈ ቴምብር ቁጠረው አለችው። ቢድንም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሕግ መተዳደር ጀመረ። ሲተኛ ቅባት፣ ቀን ቀን ጨዋማ ጠብታ። ጠዋት ሲነቃ ግን መጀመሪያ ዓይኑን እንደጨፈነ ብሌኑን ወዲህ ወዲያ ማንከባለል፣ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መግለጥ። እናም በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ያህል አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ሐውልት ይቀመጣል። ሚስቱ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ስትመኘው የኖረችውን ሰዓት አገኘች፤ ባሏ የትም የማይሄድበት፣ ጋዜጣም የማይገልጥበት ሰዓት። መጋረጃው ይቀየር ወይ? እሺ። የድሮው ቁም ሣጥን ይውጣ ወይ? እሺ። አንድ ሐሙስ ዓይኑን ቀስ ብሎ ሲገልጥ አማቱ ከሁለት ሻንጣ ጋር ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።

«ትናንት እኮ እሺ ብለሃል» አለች ሚስቱ።

ብሏል።

መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። በታመመ ቁጥር ግራ ዓይኑ ያለ ማቋረጥ እንባ ያፈሳል። አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ ቧንቧዋ ከነፋስ በቀር ምንም ካልተፋ አሥራ አንድ ቀን እንደሆነው ስትነግረው፣ ቀና ብላ ብታየው እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል። ቁጣዋ እዚያው በረደ።

«አይዞህ ወንድሜ» አለችው። «ውሃ እኮ ነው፤ ይመጣል።»

ወሬው ሲዛመት የሦስተኛው መስኮት ሰልፍ እስከ ውጭ በር ደረሰ፤ ሌሎቹ መስኮቶች ዝንብ ማባረር ያዙ። ሰው ቅሬታውን ተናግሮ፣ ድንጋዩን አጽናንቶ፣ ቀለል ብሎት ይሄዳል። የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ የአዞ እንባ ነው እያለች ብታማውም፣ ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ወረቀት ሰጡት፤ አልፎም ለባልደረቦቹ የደንበኛን ስሜት ስለ መጋራት ሥልጠና እንዲሰጥ አዘዙት። ሕመም መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ሰው ማዘኑ ሕመም ነው እንዴ?» አሉት። «ዝም ብለህ እንዴት እንደምታደርገው ንገራቸው።»

እሱም ስለ ቅባቱና ስለ ጠብታው ተናግሮ ወረደ። ሠልጣኞቹ ማስታወሻ ያዙ። በሳምንቱ ሁለቱ መሳቢያቸው ውስጥ የተከተፈ ሽንኩርት ማስቀመጥ ጀመሩ።

በዚያ ዓመት ዓይኑ ሰባት ጊዜ ተላጠ። ሐኪሟ ልል የሆነውን ቆዳ አንሥታ ሥሩን በጨረር ብታለሰልሰው ቆዳው አጥብቆ ሊይዝ እንደሚችል ነገረችው። ፈቃድ ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ የሩብ ዓመቱ ግምገማ እስኪያልፍ እንባው ቢቆይ ምን ይመስልሃል አሉት። ነገሩን ለቤት ሲያወራ አማቱ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ተነሡ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብተው ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ፈቃዱ ግን በአምስት ደቂቃ ወጣ።

ሕክምናው ተደረገ። እንደ ፋሻ ዓይኑን የሚሸፍን ስስ ሌንስ ተደርጎለት፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሕመም አሳልፎ፣ በወሩ ደረቅ ዓይን ይዞ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ሰልፈኛው ጉንጩን አየ፤ ጠበቀ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ያቺ ልብስ ሰፊ ቅሬታ ልታስመዘግብ መጣች። ተከሳሹ እሱ ነው። ፎርሙን የሚሞላውም እሱ ስለሆነ በገዛ እጁ «ሠራተኛው ማልቀስ አቁሟል» ብሎ ጻፈ።

«ሌላ የሚጨመር አለ?» አላት።

«ስታለቅስ፣ አንድ ነገር የምታደርግ መስሎኝ ነበር» አለችው።

ድንጋዩ ብዕሩን አስቀመጠ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሳይላት ፎርሙን ወደ ራሱ ሳበው። ምሳ ሰዓት ላይ የዓመቱን ፎርሞች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። እሱ ራሱ ከጻፋቸው ውስጥ አርባዎቹ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ካለው አንድ መንገድ የመጡ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ቧንቧ ሠራተኛ ይዞ ወደዚያ ሄደ። ጎማው ከተነፈሰ መኪና ሥር የቧንቧ ጉድጓዱን ክዳን አንሥተው ቢያዩ፣ ውሃ የሚያሳልፈው ቫልቭ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል።

«ክፈተው» አለ ድንጋዩ።

ቧንቧ ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ አሳየው። ቫልቩ በወረቀት ክፍት ነው፤ ክፍት የሆነን ነገር ክፈት የሚል ትእዛዝ ደግሞ የለም። ድንጋዩ አሥራ ስድስት ዓመት የኖረበት ቋንቋ ነውና አልተከራከረም። መሥሪያ ቤት ተመልሶ መጀመሪያ ቫልቩ እንዲዘጋ አመለከተ። ሥራ አስኪያጁ ሳያነቡ ፈረሙ። በማግስቱ እንዲከፈት አመለከተ፤ ይህንንም ፈረሙ። ቧንቧ ሠራተኛው በመጀመሪያው ወረቀት ያቺኑ የቀረችውን ዘጋ፤ በሁለተኛው እስከ መጨረሻው ከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ባልዲ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን አልዘጋችም፤ ሲፈስ አየችው። ድንጋዩም አብሯት ቆሞ አየ።

ሥራ አስኪያጁ አርባ ቅሬታ የት ገባ ብለው ማብራሪያ ጠየቁ፤ እሱም ውሃ መጥቶ ነው ብሎ ጻፈላቸው። የሌሎቹን መንገዶች ፎርሞችም እንዲሁ እየዘረጋ ቫልቮቻቸውን አስከፈተ። በዓመቱ አንድ ጠዋት ዓይኑ ትንሽ ቆጠቆጠው። ጠብታውን አድርጎ፣ ቅባቱን ኪሱ ከትቶ ሥራ ገባ። ቀኑን ሙሉ ወደ መስኮቱ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፖስታ ቤት የጠፋበት። ድንጋዩ እያነባ እስከ መንገዱ ማዶ ሸኘው።