ኢሶቤና የመጨረሻው በር

የታሸገ ዓሣ የሚያመርተው ፋብሪካ በተዘጋበት ዓመት ኢሶቤ ታኬዮ ለጡረታ ያልደረሰ፣ ለአዲስ ሥራ ደግሞ ያለፈበት ሰው ነበር። ሚስት አላገባም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ ቤት ጎን ብቻውን ይኖር ነበር። በሩን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረውም፤ እሱም የማንንም በር አያንኳኳም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጥና ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፈናል። በእጁ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው የተዘጋጀ የሩዝ ምግብ በፕላስቲክ ከረጢት ይዟል።

ወደባችን በበረዶ ሲሸፈን ከቁም ሳጥኑ ጥግ በወጣትነቱ የገዛውን የቴሌቪዥን ጌም አወጣ። ካሴቱን እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈና ሰካው። ጌሙ ፋኖስ የያዘ የአንድ ትንሽ ልጅ ታሪክ ነው። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ ከሰው ሁሉ ሸሽቶ፣ ከኋላው በሩን ሁሉ እየቆለፈ ወደ ምድር ውስጥ ወርዷል። ልጁ ከዋሻ ወደ ዋሻ፣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተሻገረ፣ ቁልፍ እየፈለገና እንቆቅልሽ እየፈታ ይከተለዋል። ኢሶቤ በወጣትነቱ ግማሹን እንኳ አልደረሰም ነበር፤ የሥራ ፈረቃው ጊዜ አልሰጠውም። አሁን ከጊዜ በቀር ምንም የለውም።

የእንቆቅልሾቹ መልስ ሁሉ የተጻፈበት መጽሐፍ አሮጌ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ነበር። አልገዛውም።

ሆሳካ ሚኔ የሚኖሩት ከእሱ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሙሉ ዕድሜያቸውን የፍል ውሃ እንግዶች በሚያርፉበት ቤት ክፍል ሲያጸዱ ነው የኖሩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡና የኢሶቤን በር አንኳኩ።

«ኢሶቤ ሳን፣ ፈረስ ገዛህ እንዴ?»

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ጣሪያዬ ላይ የሚረግጥ ነገር አለ። ፈረስ ከሆነ ድርቆሹን በየት በኩል እንደምታስገባ ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

ኢሶቤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጭራቅ ሲያሳድደው ሳይታወቀው ወለሉን በእግሩ ይመታ ነበር። አቀርቅሮ ይቅርታ ሲጠይቅ የእሳቸው ዓይን በትከሻው ላይ አልፎ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ።

«ያ ልጅ ምን ገትሮት ነው እዚያ የቆመው?»

«በሩ አልከፈት ብሎት ነው። መብራቶቹን በሙሉ አብርቼለታለሁ። ይኸው ሳምንት ሆነኝ።»

«ጥግ ላይ ያለው አልጋ አይደለም?»

«አልጋ ይመስላል።»

«ሰው መኝታ ክፍል ገብተህ መብራት ሁሉ ታበራለህ? ለሚተኛው ሰው አታዝንም? አጥፋለት።»

ኢሶቤ ለማክበር ያህል ሄዶ የጌሙን መብራቶች አንድ በአንድ አጠፋ። የመጨረሻው ሲጠፋ በሩ እየተንጓጓ ተከፈተ። ዞሮ አያቸው። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ የቤቱን መግቢያ ቃኙ።

«እንግዲህ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ቆሜ ልይ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆሳካ ሳን፣ በአክብሮት እንደምንጠራቸው፣ ከምሳ በኋላ መንደሪን በከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የለበሰው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ውስጥ እግራቸውን ይከታሉ፤ መንደሪናቸውን ይልጣሉ። መጫወቻውን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ጭራቆች ሲመጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሲያልቅ ንገረኝ» ይላሉ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ግን ይነቁና ማዘዝ ይጀምራሉ።

እንቆቅልሽ የሚባለውን ነገር አይቀበሉም። ለእሳቸው እያንዳንዱ ክፍል ሰው የኖረበት ክፍል ነው። ሐውልቶች በተደረደሩበት አዳራሽ ኢሶቤ ብዙ ሲያስብ፣ «ሦስቱ ወደ ግድግዳ ዞረዋል፤ አንዱ ብቻ ነው የሚያፈጠው። አዙረው እንጂ፣ ባለጌ ነው» አሉት። ውሃ በሞላበት ክፍል ደግሞ፣ «ወለሉን እየው። በዚህ በኩል የድንጋዩ ቀለም ለቋል። ሰው የሚመላለሰው በዚህ ነው ማለት ነው» አሉ። ሁለቱም ልክ ነበር። ሲሳሳቱ ደግሞ ስህተታቸውን የቤቱ ባለቤት ላይ ነው የሚያላክኩት። «ምን ዓይነት ሰው ነው ቁልፉን እዚህ የሚያስቀምጥ? ይሄ ንጉሥ አገልጋይ አልነበረውም እንዴ?»

አንድ ቀን መንደሪን እየላጡ፣ «ሰው በላዩ ላይ ይህን ሁሉ በር የሚቆልፈው ምን ቢደርስበት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ኢሶቤ ልጁን ወደ ቀጣዩ በር ነዳው።

«አንድ ቀን አግኝቼ ፊቱን ባየው። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ።

ሊመሽ ሲል ጌሙን የሚዘጉበት ሥርዓት ነበራቸው። ይህ ዓይነቱ አሮጌ ጌም ዝም ብሎ አይጠፋም። በአንድ አውራ ጣት አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ፣ በሌላው ማጥፊያውን መግፋት ያስፈልጋል። ያለዚያ የተደከመበት ሁሉ ሊሰረዝ ይችላል። ሆሳካ ሳን ይህን «ማስተኛት» ይሉታል። «በል አስተኛውና ልውረድ» ይላሉ። በማግስቱ ሲከፈት ልጁ የሚነቃው ከዋሻው ደጃፍ ስለሆነ ያንኑ መንገድ እንደገና መሄድ ግድ ነው። ኢሶቤ ይህን ጠልቶት አያውቅም።

ከአዲስ ዓመት በኋላ ነገሩ እየዘገየ መጣ። የመጨረሻው ዋሻ ውስጥ ገብተዋል፤ ኢሶቤ ግን መንገድ ይስታል። አንድ ጊዜ የታየ ክፍል ተመልሶ ያያል፤ ያለበትን ቦታ የሚያውቀውን ቁልፍ ፈለግሁ ይላል። እሳቸው በጎን ያዩታል።

«መንገዱ ጠፍቶህ ነው?»

«ያሳስታል እኮ።»

«እንዴታ። ሦስት ጊዜ ያለፍክበትን ደረጃ ማን ያውቃል» ብለው ሌላ መንደሪን አነሱ። ከዚያ በላይ አልጠየቁትም።

በረዶው መሳሳት ሲጀምር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን የመጨረሻው በር ፊት ደረሱ። ትልቅ ነው፤ ዘውድ ተቀርጾበታል። ቁልፉም በእጃቸው ነው። ኢሶቤ ልጁን ወደ በሩ ሊያስጠጋ ሲል ሆሳካ ሳን አፋቸውን ጠረጉ።

«ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ልጄ ሳይታማ ወዳለው ቤቷ ትወስደኛለች። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ብሏል። መኪናው ዓርብ ይመጣል።»

ኢሶቤ መጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሞቺ ልጥበስ» አለና ወደ ማዕድ ቤት ገባ።

በእኛ ሕንፃ ለአንድ ቤት የተመደበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። ማሞቂያው በርቶ፣ የውሃ ማፍያው ተሰክቶ፣ በዚያ ላይ መጥበሻ ከተጨመረ ብሬከሩ ወርዶ መብራቱን ይቆርጠዋል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል። ሕፃናቱ እንኳ ያውቁታል። ኢሶቤ ውሃ ማፍያውን ሰካ። ሞቺውን፣ የሩዙን ሙልሙል፣ መጥበሻው ውስጥ አስገባ። ለአፍታ ቆመ። መጥበሻውንም ሰካ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

ብሬከሩን መልሶ ጌሙን ሲከፍት የልጁ ስም ተጽፎበት የነበረው ቦታ ባዶ ነበር። ሆሳካ ሳን ባዶውን ቦታ ብዙ አዩት።

«ኢሶቤ ሳን፣ ማሞቂያው በርቶ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ከመጀመሪያው እንደገና ብንጀምር ብዬ ነው።»

«የምሄደው ዓርብ ነው።»

ኢሶቤ አንገቱን ደፋ።

«ሰውየውን ማየት ፈልጌ ነበር» አሉ እሳቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። እስከ በሩ ሊሸኛቸው ሲከተላቸው በእጃቸው ከለከሉት። የመንደሪኑ ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ያኔ ኢሶቤ ምን እንዳደረገ ገባው። ሊያስቀራቸው ብሎ የሰካው መጥበሻ አላስቀራቸውም፤ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ነጠቃቸው። እዚያው ተቀመጠና ከመጀመሪያው ዋሻ ጀመረ። ዓርብ ድረስ በሩ ላይ ደርሶ ሊጠራቸው ቆርጧል። በስሱ ግድግዳ በኩል የጌሙ ሙዚቃ ሳያቋርጥ ይሰማን ነበር። ማሰብ አላስፈለገውም፤ በየክፍሉ የሳቸው ቃል ተቀምጦ ጠበቀው። መኝታ ክፍሉ ጋ መብራቱን አጠፋ። ባለጌውን ሐውልት አዞረ። ቀለሙ የለቀቀውን ድንጋይ ተከትሎ ውሃውን ተሻገረ። እያንዳንዱ ክፍል በተከፈተ ቁጥር ግን ከአጠገቡ «ይኸው» የሚል አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጣ። በሰፈራችን ሰው ሲለቅ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይሰለፋል፤ መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ድረስ አጎንብሶ ይሸኛል። የሆሳካ ሳን ዕቃ ትንሽ ስለነበር ቶሎ ተጫነ። ለየቤቱ ትንሽ ፎጣ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። የኢሶቤን ለእናቴ ሰጧትና ሦስተኛውን ፎቅ ቀና ብለው አዩ። መስኮቱ ተዘግቷል። ሙዚቃው ይሰማል።

«ፈረሱ ዛሬም ይረግጣል» አሉ። ልትወስዳቸው የመጣችው ልጃቸው ቀልዱ አልገባትም።

ኢሶቤ የሾፌሩን ጡሩምባ ሰምቷል። ጥቂት ክፍሎች ብቻ ቀርተውት ነበር። አሁን እደርሳለሁ፣ አሁን እጠራቸዋለሁ ሲል መኪናው ሄደ። ባለ ዘውዱን በር የከፈተው እኛ ሁላችንም ወደየቤታችን ከገባን በኋላ ነው።

ንጉሡ አልነበረም።

በሩ ወደ ትንሽ ክፍል ያስገባል። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ። ከዚህ በኋላ ሌላ በር የለም። ግድግዳውን መታ፤ አልጋውን ገፋ፤ መብራቱን አጠፋ፣ መልሶ አበራ። ምንም። ከሰዓት በኋላ የእኛን በር አንኳኳ። ሲያንኳኳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ፎጣውንና ሆሳካ ሳን የተዉላትን የሳይታማ ስልክ ቁጥር ሰጠችው።

«ሳትሸኘኝ ቀረህ» አሉት ሆሳካ ሳን ማታ ስልኩን እንዳነሱ።

«እየደረስኩ ነበር። በሩን ከፍቼ ልጠራዎት ነበር።»

«ታዲያ ከፈትከው?»

«ከፈትኩት። ሰው የለም።»

ከበስተኋላቸው የልጅ ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ምን ምን አለ? ሳትዘል ንገረኝ።»

ነገራቸው። ኩባያዎቹ ላይ ሲደርስ አስቆሙት።

«ሁለት ነው ያልከው?»

«ሁለት።»

«ብቻውን የሚኖር ሰው ሁለት ኩባያ አያወጣም» አሉ። ወዲያው አንዲት ሴት፣ «እማዬ፣ የመታጠቢያው ውሃ ሳይቀዘቅዝ» ስትል ተሰማ። «እየጠሩኝ ነው። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ሰዓት አለው። አስቤ ነገ እደውላለሁ፤ ምንም እንዳትነካ።»

«ካጠፋሁት ወደ ደጃፉ ይመልሰኛል።»

«አታጥፋዋ ታዲያ።»

አላጠፋም። ብሬከሩን ደግሞ ከእንግዲህ አላመነውም። ማሞቂያውን ነቀለ፤ የጠረጴዛውን ማሞቂያ፣ የውሃ ማፍያውንም ነቀለ። ካፖርቱን ደርቦ፣ የሆሳካ ሳንን ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ተቀመጠ። ጠዋት እናቴ ሾርባ ይዛ ስትገባ ትንፋሹ ይጨስ ነበር።

«ማሞቂያውን ላብራልህ?» አለችው።

«ይቅር። ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

ስልኩ ሊመሽ ሲል ጮኸ።

«አስቤበታለሁ» አሉ ሆሳካ ሳን። «እንግዳ ቤት ገብተህ ኩባያ ቀርቦ ስታገኝ ምን ታደርጋለህ? ግድግዳ ትመታለህ? ወንበሩ ላይ አስቀምጠውና እጅህን ሰብስብ። ምንም አትንካ። ሰውየው በሰው ፊት መውጣት የተወ ነው። የማይቸኩል ሰው ካየ ቆይቶ ይሆናል።»

ኢሶቤ ልጁን ወስዶ አስቀመጠው። መጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አደረገና እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ስልኩ ውስጥ የሳቸው ትንፋሽ ይሰማል። ልጁ ፋኖሱን ይዞ ተቀምጧል፤ ፋኖሱ ይርገበገባል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ፣ ቀስ ያለ የእግር ኮቴ።

«እየመጣ ነው» አለ ኢሶቤ በሹክሹክታ።

«እኔ እዚህ ሆኜ በስልክ አላየውም እኮ» አሉ። ከዚያ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ። «ነሐሴ ላይ ለሙታን በዓል እመጣለሁ። የባሌን መቃብር ማን ያጥብልኛል? ደረጃውን ተሸክመህኝም ቢሆን ታወጣኛለህ። እስከዚያ ግን አንተ እየው፤ ስመጣ ትነግረኛለህ። በል፣ ለራት እየጠሩኝ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮቴው እየቀረበ ነበር። ከክፍሉ ጀርባ የሆነ መቀርቀሪያ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ኢሶቤ እጁን ዘረጋ። በአንድ አውራ ጣት ቁልፉን ተጭኖ ይዞ፣ በሌላው ማጥፊያውን ገፋ። ቀዩ መብራት መጥፋቱን አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው ማሞቂያውን መልሶ የሰካው።

ቴሌቪዥኑን እስከ ነሐሴ በጨርቅ ሸፈነው። በረዶው ቀልጦ አለቀ፤ የፀደዩ ወራት መጡ፣ ከዚያም ሙቀቱ። ኢሶቤ ደረጃው ላይ ሲያገኘን አሁንም ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፈናል። ከግድግዳው ማዶ ምንም ድምፅ አይሰማም። አንድ ጊዜ ብቻ በሩ ተከፍቶ ሳልፍ አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ነበር።