ፎርማት ያደረግኩት ድምፅ

የሞተ ሰው ድምፅ ያጠፋሁት የመምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ለልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ነው። ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት ማለት እችላለሁ። ለብዙ ሰውም እንደዚያ ብያለሁ። እዚህ ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ዋናው መንገድ ላይ እወርድና በማሽላው መሃል ሩብ ሰዓት ያህል በእግሬ እገባለሁ። ስመደብ ልቤ አብጦ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሙሉ በቴክኖሎጂ ስለማስተማር ተምረናል፤ ከክፍላችን ልጆች መካከል ደግሞ ላፕቶፕ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም የአጎቴ አሮጌ። ገና ሳምንት ሳይሞላኝ መምህራኑ ስልካቸውን እያመጡ "እስቲ ይቺን ነገር እይልኝ" ይሉኝ ጀመር። የአንዱን ስልክ ቋንቋ ወደ አማርኛ መለስኩለት፣ የሌላዋን ደግሞ ሞልቶ አልነሳ ያላትን አራገፍኩላት። ርእሰ መምህሩ "ኢንጂነሯ" ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

የተሰጠኝ ክፍል ሁለተኛ ክፍል ነው። ክፍሉን የያዙትና እኔን እንዲያሠለጥኑ የተመደቡት መምህርት ጡረታቸው የተቃረበ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ማክሰኞ የኦሮምኛ ንባብ ሰዓት ሲደርስ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ስፒከር አወጡ። በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ ጎኑ ላይ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት፣ በየሱቁ መንዙማ የሚለቀቅበት ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት። የወጣት ወንድ ድምፅ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ። ልጆቹ ብድግ ብለው መለሱለት።

ድምፁ ከእኔ በፊት ንባብ ያስተምር የነበረ መምህር ድምፅ ነው። ኩላሊቱን ታሞ ነበር። ለሕክምና አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ልጆቹ ወደኋላ እንዳይቀሩ ብሎ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አሥራ አንድ ትምህርት በስልኩ ቀዳ። ሄደ፤ በሬሳ ሳጥን ተመለሰ። ትምህርቶቹ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራሉ፤ እኔ ስደርስ ሦስተኛው ዙር ላይ ነበሩ።

ሲያነብ ልጆቹ እንዲደግሙ ዝም የሚልበት ጊዜ ነበረው። ልጆቹ ይደግማሉ፤ እሱም ልክ እንደሰማቸው "ጋሪዳ" ይላል፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። በትምህርቱ መሃል "አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ቁጭ በል" የሚልበት ቦታ አለ። ሁልጊዜም ከኋላ የቆመ ልጅ አይጠፋም፤ ያ ልጅም ሹክክ ብሎ ቁጭ ይላል። እኔ ሦስት ጊዜ ሳልጮህ ቁጭ ያለልኝ ልጅ አልነበረም። መጨረሻ ላይ "ቦሩ ኢሲን ጋፈዳ" ብሎ ያቆማል፣ ነገ እጠይቃችኋለሁ። ልጆቹም ለነገው ያጠኑለታል። አንዳንዴ ማሽላው መሃል ብቻዬን ስሄድ ያ "ጋሪዳ" የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣና እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ፈርቼው ነበር። ቀንቼበትም ነበር።

ማክሰኞና ሐሙስ በዚያ ሰዓት አንድ ሽማግሌ መጥተው ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ፣ ስፒከሩ ዝም ሲል ተነስተው ይሄዳሉ። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ሰላም እላቸዋለሁ፣ መርቀውኝ ያልፋሉ። የመምህሩ አባት መሆናቸውን የነገረኝ የለም፤ ሁሉም የማውቅ መስሎት ነበር። እኔም አልጠየቅሁም።

ከኮሌጅ ገምጋሚ የሚመጣበት ሳምንት ተቃረበ። የመገምገሚያው ቅጽ ላይ "ሠልጣኙ ራሱ ያዘጋጀው ዲጂታል የማስተማሪያ መሣሪያ" የሚል መስመር አለ። እኔም ትምህርት በራሴ ድምፅ ልቀዳ ወሰንኩ። ለመምህርቷ ስነግራቸው "መልካም፣ ሚሞሪዋን ግን አትንኪያት" አሉኝ።

"ለምን ቲቸር?"

"ተያት ብቻ።"

ይህን የድሮ ሰው ፍርሃት አድርጌ ወሰድኩት። ሌላ ሚሞሪ ከከሚሴ ይዤ መምጣት እችል ነበር። እሳቸው ለስብሰባ ሲወጡ ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፔ ውስጥ ከተትኩት። ስከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ ወደማይከፈት ሾርትከት ተለውጠው ታዩኝ። ይህን ቫይረስ እኛ አገር የማያውቀው ተማሪ የለም። መድኃኒቱንም ሁላችንም እናውቃለን፤ ኮሌጅ ውስጥ ጥርጣሬ የገባን ፍላሽ ሁሉ ፎርማት ይደረግ፣ ያለበት ሁሉ ሙልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር። ቢሆንም የተደበቁትን ፋይሎች አውጥቶ መገልበጥ እንደሚቻል አውቅ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሰብኩበት። ከዚያ ደግሞ ይህ ሰው እዚህ እያለ እነዚህ ልጆች እኔን መቼም አይሰሙኝም ብዬ አሰብኩ። ላፕቶፑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ። የራሴን አራት ትምህርቶች ጫንኩበት።

ገምጋሚው በነጋታው ረቡዕ መጡ። ስፒከሩን ከፈትኩ። የእኔ ድምፅ ቃል እያነበበ ዝም ሲል፣ ክፍሉም አብሮ ዝም አለ። አንድም ልጅ አልደገመም። ወደ ስፒከሩ ሳይሆን ወደ እኔ ያዩ ነበር። ገምጋሚው ያንን ዝምታ ሥነ ሥርዓት ነው ብለው ጻፉት፤ በቴክኖሎጂ አጠቃቀም ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።

እሳቸው ሲሄዱ መምህርቷ ስፒከሩን አንስተው ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑ። እኔ፣ እኔ፣ እኔ።

"የእሱ ድምፅስ?" አሉኝ።

"ቫይረስ ነበረበት፣ ፎርማት አደረግኩት" አልኩ።

የልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌ አባቱ መሆናቸውን የነገሩኝ ያኔ ነው። የድምፁ ቅጂ ሌላ ሰው ጋር ይገኛል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከስፒከሩ ላይ ሳያነሱ፣ "ከየት ይገኛል? ቫይረስ እንዳይገባባት ብለን ከሰው ስልክ ጋር አላገናኘናትም" አሉኝ። የተቀዳበት ስልክም ወንድሙ ዐረብ አገር ይዞት ሄዶ እዚያ ተሰብሯል።

በዚያው ቀን ከሚሴ ተመልሼ ካርዱን ለሞባይል ጠጋኝ ሰጠሁት። ልጁ በኮምፒዩተሩ ፈልጎ ፈልጎ አሥራ አንዱንም ፋይል አወጣቸው። እንባዬ መጣ። ሲከፍታቸው ግን ከሹክሹክታ የማይሻል እሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። "ፎርማት ብቻ ቢሆን ይመለስ ነበር" አለኝ። "ላዩ ላይ ሌላ ነገር ጭነሽበታል።"

ሐሙስ ሽማግሌው መጡ። ቦታቸው ላይ ተቀምጠው መምህርቷ ከመጽሐፍ ሲያስነብቡ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው "የልጄ ተራ መቼ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

መናገር ነበረብኝ። አፌ ግን "ባትሪው ደክሞ ነው አባቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ" አለ። በአላህ ስም ዋሸሁ። እሳቸውም "ኢንሻአላህ" ብለው ሄዱ። በዚያ ሳምንት ማዕድ ቀርቦ ሳልጨርስ እነሳ ነበር። እናቴ ምን ሆነሻል ብትለኝ ራሴን ነው እላታለሁ። መምህርቷ አልተቆጡኝም፤ "አንቺው ንገሪያቸው፣ የኔ አፍ እንኳ አይችለውም" ብቻ አሉኝ።

ማክሰኞ ሽማግሌው ቀድመውኝ ደርሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከፎጣቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ፈትተው ሦስት ባትሪ ድንጋይ አወጡ። ማሽላ ሲጠብቁ ከሚይዙት ባውዛ አውጥተው ነው ያመጡት።

"አዲስ ናቸው" አሉኝ። "ለሱ አድርጊለት።"

እዚያው በሩ ላይ ነገርኳቸው። በአማርኛ ጀምሬ ሲያቅተኝ በኦሮምኛ ጨረስኩት። ቫይረስ ነበር አላልኩም። ልጆቹ እኔን እንዲሰሙኝ ብዬ እንዳጠፋሁት፣ መገልበጥ እየቻልኩ እንዳልገለበጥኩ፣ ባትሪው ደክሟል ያልኩትም ውሸት እንደነበር ነገርኳቸው። ባትሪ ድንጋዮቹን እንደያዙ ቀሩ።

"ሁሉንም?" አሉኝ።

"ሁሉንም።"

"መጨረሻ ላይ ነገ የሚለውንም?"

"እሱንም።"

እግራቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል በትራቸውን አስቀድመው ከለከሉኝ። "አባቴ፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አልኳቸው። እኛ አገር ይህን የተለመነ ሰው ዝም አይልም፤ ልቡ ባይፈቅድ እንኳ ስለ አላህ ብሎ አፉ ይላል። እሳቸው ግን ብዙ ቆዩ። ልጆቹ አጠገባችን እየተጋፉ ወደ ክፍል ይገቡ ነበር።

"የኔን አፉ ብያለሁ" አሉኝ በመጨረሻ። "ድምፁ ግን የኔ አይደለም፣ ኢንታላ ኮ፣ አንቺ ልጄ። የሱ ነው። የሱን ሐቅ፣ እሱ የተበደለውን፣ እኔ በምን አፌ አፉ ልበልልሽ?"

ባትሪ ድንጋዮቹን መልሰው ቋጥረው ሄዱ። መስኮቱ ሥር ዳግመኛ አልመጡም።

አሁን ከሚሴ ውስጥ አስተምራለሁ። ለአዳዲስ ሠልጣኞች ፋይል አያያዝ የማሳያቸው እኔ ነኝ፤ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ቦታ ገልብጡ እላቸዋለሁ። ለምን እንደምቆጣ አይገባቸውም። ማታ ማታ ያንን ድምፅ ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ ቃላቱ ይመጣሉ፣ ድምፁ ግን የራሴ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌው ማረፋቸውን መምህርቷ ደውለው ነገሩኝና ሄድኩ። ጀናዛው ከግቢ ሊወጣ ሲል አንድ ሰው ቆሞ፣ እንደ ልማዳችን፣ "በእሳቸው ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ አለዚያ አፉ ይበል" አለ። ሕዝቡ "አፉ ብለናል" አለ። እኔም ከሴቶቹ መሃል ሆኜ አልኩ። እሳቸው ምንም አልበደሉኝም። ልጃቸው በእኔ ላይ ያለውን ሐቅ አፉ የሚልልኝ ግን አልነበረም። መቃብሩ የተቆፈረው ከልጃቸው ጎን ነው ሲሉ ሰማሁ። አባትና ልጅ ዛሬ ይገናኛሉ፣ ያደረግኩትንም ይነግሩታል ብዬ አሰብኩና ፈራሁ።