የጃፓኗ ጎረቤቴ ሻይ

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ገባሁ። ባሌ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጅ የለኝም። ከቢሮ ስመለስ በሬን ቆልፌ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፤ የማየው ነገር ኖሮኝ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲሰማ ብዬ ነው።

ከፊት ለፊቴ ያለው ቤት የምትኖረው ጃፓናዊት አስተማሪ ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ቢሆንም "እርስዎ" ማለት አትረሳም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬን አንኳኩታ፣ "ሻይ ላፍላልዎት? በአገሬ ደንብ" አለችኝ።

ሳሎኗ ውስጥ ወንበር የለም። እሷ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፤ ለእኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለ ትራስ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ከቀይ ቦሎቄ የተሠራ ጣፋጭ አቀረበችልኝ። ከዚያ ንጹሑን ጎድጓዳ ሳህን እንደገና ጠረገችው፤ አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ጨምራ፣ ሙቅ ውሃ አፍስሳ፣ በቀርከሃ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ መታችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዝምታው ጨነቀኝና ስለ ታክሲ ሰልፍ ማውራት ጀመርኩ። ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችልኝም። ቀስ በቀስ እኔም ዝም አልኩ።

ሳህኑን አዙራ፣ ያማረውን ጎኑን ወደ እኔ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችኝ። መራራ ነው፤ እርጥብ ሣር ሣር ይላል። ሰው ለእኔ ብቻ ብሎ እንዲህ ተጠንቅቆ አንድ ነገር ከሠራልኝ ቆይቷል።

"ለምንድን ነው ዝም የምንለው?" አልኳት ጠጥቼ ስጨርስ።

ቃላት ፈለገች። "ይህ ሻይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ቀን እንጠጣለን፤ ግን ሌላ ሻይ ነው። ስለዚህ... በደንብ እናየዋለን።"

እንባዬ መጣ። ካዛንቺስ ከአንዷ ጎረቤቴ ጋር የመጨረሻውን ሻይ የጠጣነው ፍራሽ እያሰርን፣ እንደቆምን፣ የጭነት መኪናው ሾፌር ክላክስ እያደረገ ነበር። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ፊቷን እንኳ በደንብ ሳላየው ተለያየን።

ቤቴ ገብቼ ለካዛንቺሷ ጎረቤቴ ደወልኩላት።

"ሄሎ፣ ማን ልበል?" አለች። ስልኳ ሲጠፋ ቁጥሬም አብሮ ጠፍቶባት ኖሯል። ማንነቴን ስነግራት፣ "ውይ! አለሽልኝ እንዴ?" ብላ ጮኸች። "ሩቅ ነው የገባነው፣ በቃ ምን ልበልሽ። ግን እሁድ ነይ፣ እሺ?"

እሁድ ዝናቡ አላስወጣ አለኝ። በሳምንቱ እሷ ለቅሶ ሄደች። እስካሁን እኔም አልሄድኩ፣ እሷም አልመጣች። በተደዋወልን ቁጥር ግን "በሚቀጥለው እሁድ" እንባባላለን።