ሳያነቡ የተሳለሙት ወረቀት

ባለፈው ዓመት አንዲት ተመራማሪ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን መጥታ የንቦችን መሞት ታጠና ነበር። ከአባቴ ቀፎዎች ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፌ በየማለዳው የሞቱትን እንድለቅምላት፣ ቀኑንም በደብተር እንድጽፍላት ለመነችኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ጽሕፈቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሰው ነው። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ «ንብ ቀባሪዋ መጣች! ዛሬስ ፍትሐት ነበር?» እያሉ ይስቁብኛል።

የጥናቱ ውጤት በክረምቱ ማብቂያ መጣ። ንቦቹን የሚጨርሳቸው በርበሬ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ነው። ተመራማሪዋ በስልክ «ገበሬዎቹ አበባ ላይ ጠዋት አይርጩ። ግድ ከሆነባቸው ንቦቹ ማታ ቀፎ ከገቡ በኋላ ይሁን፤ ንብ ላለው ጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ። ሰንበቴው ላይ አንቺ አስረጃቸው፣ የመንደራቸው ልጅ ነሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ጠላ ስቀዳ ተመራማሪዋ ነግራቸው ኖሮ አንድ ቄስ «ልጄ፣ የምትነግሪን ነገር አለሽ አሉ» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ ምንም የለኝ፣ አባ» ብዬ ከጋኑ ኋላ ተደበቅሁ።

ለማርያም ዕለት ግን ማልጄ ነገሩን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩና በዱቄት ሙጫ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፍኩት። አፌን ሳልከፍት የተናገርኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን የአጥር ጎረቤታችን በርበሬያቸውን ጠዋት ረጩ። ከሰዓት በኋላ ቀፎዎቹ ሥር ያለው መሬት ጠቆረ። ንቦቹ በጀርባቸው ተገልብጠው እግራቸውን ያንቀጠቅጣሉ። አባቴ ተንበርክከው የሚተርፍ እንዳለ በመዳፋቸው እያፈሱ ያያሉ።

ጎረቤታችን ሰምተው እየሮጡ መጡ።

«ትሉ በርበሬዬን ሊጨርስብኝ ሆኖ እኮ ነው!» አሉ ገና ከበር።

«በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አላዩትም፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እንዴት አላየውም? ጸሎት መስሎኝ ሦስት ጊዜ ተሳለምኩት!»

ማንበብ እንደማይችሉ አውቅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ ቀና ብለው «የምን ወረቀት?» አሉ። ነገርኳቸው። ጎረቤታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ከቤታችን እሳት ስትጭሪ የኖርሽ ልጅ» አሉኝ፣ «ይቺን በአፍሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሯቸውን ቀፎው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀፎ ሄዱ። ወደሚቀጥለውም።

በማግስቱ ንብም በርበሬም ወዳለበት ማዶ ወረድኩ። አንዲት ሴት የመድኃኒት መርጫ እያጠበች አገኘኋት።

«ምነው በጤና? አንቺ ሰው ቤት ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«ንቦቻችን አለቁ» አልኳት። እሷ መርጫውን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። የቀረውን እየተንተባተብኩ ነገርኳት።