ከመናኸሪያው አጥር ሥር የሚከርሙ ጋቢዎች

ሰው ስለ ቆላ ሲያወራ የሚያነሣው ሙቀቱንና አቧራውን ነው፤ እኔን ግን ወደ ልጅነቴ የሚመልሰኝ የደጋ ጭስ ሽታ ነው። ከቁምሳጥኔ ውስጥ አንድ ያረጀ ጋቢ አውጥቼ ባራገፍኩ ቁጥር፣ ስንቴ ታጥቦ እንኳን ያልለቀቀው የባሕር ዛፍ ጭስና የበግ ሽታ ብድግ ይልና፣ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጥር ሥር ወደነበረችው ቤታችን ይዞኝ ይሄዳል። የቆላ ልጅ ነኝና ደጋን በእግሬ ከመርገጤ በፊት ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው።

መናኸሪያው ያኔ መናኸሪያ የሚያሰኘው ነገር ቢኖር የቆርቆሮ በሩ፣ በመካከሉ የቆመው የኒም ዛፍና ከማለዳ ጀምሮ የማያባራው ጥሩምባ ብቻ ነበር። ቢሆንም ወደ ጎንደር የሚወጣው አውቶቡስ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው ሚኒባስ፣ ወደ ኮኪትና ወደ እርሻዎቹ ሰው አጭቆ የሚሄደው ሎሪ፣ ሁሉም እዚያች ግቢ ውስጥ ይገናኙ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ የጓሯችን ግድግዳ ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ እኔ አገር ምድሩ የሚንቀሳቀሰው ከእኛ ቤት ተነሥቶ ይመስለኝ ነበር። አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበርና ከዓመቱ ግማሽ በላይ አብደራፊ እርሻ ላይ ያሳልፍ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በራችን ላይ ከሣር በተሠራች ራኩባ ጥላ ሥር ለመንገደኛ ሻይና ከርከዴ ትሸጥ ነበር።

ክረምት ገብቶ የሰሊጡ አረም ሲደርስ፣ ከጎጃምና ከወሎ ለሥራ የሚመጡ ሰዎች በአውቶቡስ ይወርዱ ነበር። ሁሉም ደጋ የለበሱትን ጋቢ እንደለበሱ ይወርዱና፣ የቆላው ወበቅ በሩ ላይ ሲቀበላቸው ግራ ይገባቸዋል። ጋቢ ይዞ እርሻ መውረድ ሸክም ነው፤ ጭቃው ይበላዋል፣ ምስጡ ይበላዋል። አንድ ሰው እናቴን «እስክመለስ ያስቀምጡልኝ» ብሎ ለመናት፣ አስቀመጠችለት፤ በዓመቱ ሰውየው የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስከትሎ መጣ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነና፣ እያንዳንዱ ጋቢውን ጠቅልሎ በራሱ ገመድ አስሮ ይሰጣታል፣ እሷም ቆጥ ላይ ትደረድረዋለች። ከፍለው አያውቁም፣ ጠይቃም አታውቅም። የሰዎቹን ስም ትረሳለች እንጂ ጋቢያቸውን አትረሳም ነበር፤ «ያ ጋቢው በቀይ ክር የተዘመዘመው ልጅ ዘንድሮ ከስቷል፣ ሚስት ሳያስፈልገው አይቀርም» እያለች ታስቀን ነበር። እኔ ግን ቆጡ ሥር ከታየሁ ቁንጥጫ ነው። «የሰው አደራ ነው፤ እጅሽ እንዳይደርስበት» ትል ነበር፣ እኔም ከእሳት እኩል እፈራው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ሰሊጡ ሲደርስ ከተማው ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ሰሊጡ ተራግፎ ማሽላውም ከተቆረጠ በኋላ ግን፣ ታኅሣሥ ላይ፣ መናኸሪያው የንብ ቀፎ ይሆን ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አገሩ ሊገባ ይጋፋል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ከእርሻ በሎሪ እንደደረሱ መጀመሪያ ወንበር ይይዛሉ፤ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ወደ እኛ ቤት ይሮጣሉ፤ ጋቢያቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው እናቴን እየመረቁ ይመለሳሉ። ባርኔጣ የተቀመጠበትን ወንበር ማንም አይነካም ነበር።

አንደኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ልክ በዚያ ግርግር መካከል፣ ወባ ጣለችኝ። ወባ ለእኛ ብርቅ አይደለችም፤ የዚያን ጊዜዋ ግን ሌላ ነበረች። የጤና ጣቢያው ሰው ዓይኔን ገልጦ አየና «ዛሬውኑ ጎንደር አድርሷት፤ ለነገ አትበሉ» አላት እናቴን። አባቴ አብደራፊ ነው። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ብርድ ብርድ እላለሁ፣ ቤታችን ውስጥ ያለው ደግሞ የቆላ ስስ አንሶላ ብቻ ነው። እናቴ ቆጡን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። እጇ የደረሰበትን ጋቢ ስባ አወረደች፣ ገመዱን በጥርሷ ፈታች፣ ጠቅልላ አዘለችኝና በሩን ዘግታ ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከፊሉን አስታውሳለሁ፣ ከፊሉን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። አውቶቡሱ ሞልቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ መርፌ መጣያ የለም፣ ምን ላድርግዎ?» ይላታል፤ እሷ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ከእኛ ቤት አቅጣጫ እየተነጫነጨ መጣ። የወሎ ሰው ነው፣ ሰይድ ይባላል፣ አገሩ ደላንታ ነው። ወንበሩን በባርኔጣው ይዞ ጋቢውን ሊወስድ ሄዶ፣ በሩን ዝግ አግኝቶ ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ሊሳፈር ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ጫፉ በቀይ ክር የተዘመዘመውን ጋቢ አየ።

«ይሄ ጋቢ የኔ አይደለም እንዴ?» አለ።

እናቴ ዘወር ብላ አየችው። መዋሸት አልቻለችም። «ያንተ ነው ልጄ። አደራህን በላሁ» አለችው፣ እንባዋም መጣ።

የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ በመስኮት ይመለከታል። ሰይድ ጠጋ ብሎ ግንባሬን ዳሰሰና እጁን ቶሎ መለሰ፤ ያ በማጭድ የሻከረ መዳፍ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ዛሬም ይሰማኛል። «ኧረ ይቺ ልጅ እሳት ሆናለች!» አለ። ዘልሎ ገባ፣ ባርኔጣውን ከወንበሩ አነሣ፣ ራሱ ላይ አደረገና ወረደ።

«ይግቡ እትዬ። ጋቢው ከሷ ጋር ከሆነ ወንበሩም የሷ ነው።»

«አንተስ? ደጋውን በምን ልትወጣው ነው?»

«አብሽሩ፣ እኔ ጎረምሳ ነኝ፤ የሰሊጥ መኪና አይጠፋም። ይልቅ እሷን ያድርሱ!»

ጎንደር ሆስፒታል ደረስን፤ ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ዳንኩ።

እናቴ ግን አልዳነችም። በጋውን ሙሉ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ በሚጨነቅበት በዚያ የመጋቢት ሐሩር፣ እሷ የምታስበው የደላንታን ብርድ ነበር። «ያን ልጅ በሰሊጥ ጭነት ላይ ውርጭ መትቶት ቢሆንስ?» ትላለች። ጋቢውን አጠበችው፣ አጥፋ በራሱ ገመድ መልሳ አሰረችው። ከወሎ የመጣ መንገደኛ ራኩባው ሥር ከተቀመጠ፣ ሻዩን ሳትቀዳ ሰይድ የሚባል የደላንታ ሰው ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ አባቴ «ወሎ እኮ አንድ ቀበሌ አይደለም» እያለ ይቀልድባት ነበር። አውቶቡስ በገባ ቁጥር አጥሩ ጋ ቆማ የሚወርደውን ሰው ታያለች።

ክረምት ገባ፣ አረም ደረሰ። አንድ ከሰዓት በዝናብ የበሰበሰ አውቶቡስ ገባና እናቴ ድንገት ጮኸች፤ በጭቃው ላይ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ተከተልኳት። ሰይድ አዲስ ጋቢ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጅቱስ?» አለ፣ ከሰላምታ በፊት።

እናቴ ወደ ፊት ገፋችኝ። አየኝና ሣቀ፤ ጉልበቴን ሊስም እስኪመስል ድረስ ጎንበስ ብሎ አቅፎ አነሣኝ። እናቴ አሮጌውን ጋቢ አምጥታ ስትሰጠው አልተቀበላትም። የለበሰውን አዲሱን አወለቀና ክንዷ ላይ አኖረው። «ያ የልጅቱ ነው። ይሄንን ያስቀምጡልኝ» አላት። አደራ በላሁ ብላ ስታለቅስ ለከረመች ሴት ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? ወዲያው ጠቅልላ ቆጥ ላይ አወጣችው።

ሰይድ ለብዙ ክረምት ተመላለሰ፤ በኋላ አገሩ ላይ ጎጆ ወጣ ሲሉ ሰማን፣ መምጣቱም ቀረ። እናቴም አርፋለች። ቤታችን ፈርሳ መናኸሪያው ሰፍቷል፤ አሁን መጠለያ አለው፣ ትኬት የሚቆረጠው በወንበር ቁጥር ነው፣ በሩ ላይ ባጃጅ ተሰልፏል። መንገዱ ሰላም ሲሆን አውቶቡሱ በሰዓቱ ይወጣል፤ ሳይሆን ደግሞ ሁላችንም ቤታችን እንጠብቃለን። የዛሬ ሠራተኛ የፕላስቲክ ሻንጣውን ይዞ ወርዶ፣ ስልኩን እየነካካ በቀጥታ ወደ እርሻ ይሄዳል። አላማርርም፤ ለታመመ ልጅ የዛሬው ይሻላል፣ አምቡላንስም አለ። ጋቢ ማስቀመጫ ብቻ የለውም።

ባለፈው ጥቅምት ልጄን ወባ ነካ አድርጓት ብርድ ብርድ አላት፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶን ቤታችን ገባን። አልጋዋ ላይ ሆና ወደ ቁምሳጥኑ እያየች «ያንን ቀይ ክር ያለውን አልብሺኝ» አለችኝ። «የሰው አደራ ነው» አልኳት፣ ልክ በእናቴ ድምፅ። ከዚያ ተነሣሁና አወረድኩት፣ ገመዱን ፈትቼም አለበስኳት።