ከፊት ሸዋወርቅ፣ ከኋላ ጉርሜሳ

ሸዋወርቅ ብስክሌት ላይ ቂም ነበራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ባሏን ቀምቷታል። የአዳማ ጎረቤቶቿ ባሎቻቸው እሁድ እሁድ ድራፍት ቤት እንደሚያመሹ ሲያማርሩ እሷ፣ «የእኔው ደግሞ ቁርሱን ዴራ በልቶ፣ ለምሳ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል» ትላቸው ነበር።

ባሏ ጉርሜሳ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በያጅ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር ሲገባ፣ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር «ትልቁ ዙር» የሚሉትን ይዞራሉ። ከአዳማ ተነስተው በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ደጋ ይወጣሉ፤ በሙኔሳ ጫካ ቁልቁል ወርደው ላንጋኖ ሐይቅ ይደርሳሉ፤ ከዚያም በቡልቡላ፣ በባቱ፣ በመቂና በቆቃ አድርገው ቤታቸው ይገባሉ። ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ፣ ለአንድ ወር የሚያወራው አያጣም። ሸዋወርቅ ግማሹን ብቻ ነበር የምትሰማው።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ዓይኑን ግላኮማ ያዘው። መጀመሪያ ከጎኑ የሚመጣ ነገር አልታይ አለው፤ አንድ ባጃጅ ገፍቶት ቦይ ውስጥ ጣለው። ሐኪሞቹ ዘግይተሃል አሉት። ጠብታውም፣ ቀዶ ሕክምናውም የቀረውን ብርሃን ሊያቆዩለት አልቻሉም። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ የቀንና የሌሊት ልዩነት ብቻ ቀረለት።

ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይውል ጀመር። ወሬ ቀነሰ፤ ምግብም ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸዋወርቅ ከጓዳ ስትወጣ ብስክሌቱን ዘቅዝቆ አቁሞ፣ ፔዳሉን በእጁ እያዞረ የካቴናውን ድምፅ ሲያዳምጥ አገኘችው። ያዞርና ያቆማል። ያዞርና ያቆማል። ለምን እንደወጣች ረስታ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ባሏ ብየዳ ያስተማረው ኑሬ ወርክሾፕ ሄደች።

«ኑሬ፣ ሁለት ሰው የሚነዳው ብስክሌት መሥራት ትችላለህ?»

«እችላለሁ እትዬ። ሁለት አሮጌ መቀጠል ነው። ግን ከፊት ማን ሊሆን ነው?»

«እኔ።»

ኑሬ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ነድተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አንተ ብረቱን እስክትጨርስ እማራለሁ።»

ያስተማረቻት የኑሬ ሚስት አሚራ ናት። አሚራ ሥራዋ የምትመላለሰው በብስክሌት ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ኳስ ሜዳ እየወሰደች ከኋላ ኮርቻውን ይዛ ታስሮጣት ነበር። ሸዋወርቅ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የወደቀችው ውድቀት በልጅነቷም አልደረሰባት። «አበደች» ያሉም ነበሩ። ለባሏ ኪዳን ልታደርስ እንደምትሄድ ነበር የነገረችው። አንድ ቀን እያነከሰች ስትገባ ኮቴዋን ሰምቶ፣

«ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው በጉልበት እየተዳኸ የሚመጣው?» አላት።

ኑሬ ብስክሌቱን ያመጣ ዕለት ጉርሜሳ በእጁ ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሰው። የብየዳውን ስፌት በጣቱ ተከትሎ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ቀጥሎ ሁለተኛው ኮርቻ ላይ ደረሰ።

«ከፊት የሚቀመጠው ማነው?»

«ሚስትህ» አለችው ሸዋወርቅ።

ሳቀ። ዓመት ሙሉ ያልሳቀ ሰው ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ። «የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ እየዳበሰ ገባ። ብስክሌቱ ሦስት ሳምንት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ነገሩን የፈታው የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። ልጃቸው ሜቲ ባቱ ነው ትዳር የያዘችው። የክርስትናው ቀን ሲቃረብ ጉርሜሳ፣ «የአውቶቡሱን ነገር አስቢበት» አላት።

«አንተ በአውቶቡስ ሂድ። እኔ በብስክሌት እሄዳለሁ።»

«በየት በኩል?»

«በትልቁ ዙር።»

«መንገዱን የት ታውቂዋለሽና!»

«አላውቀውም። የሚያውቀው ሰው በአውቶቡስ ሊሄድ ነው።»

ጉርሜሳ ተነስቶ ግድግዳ የተደገፈውን ብስክሌት ጎማ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ፣ «ፖምፓውን የት አስቀመጥሽው?» ብሎ ጠየቃት።

ክርስትናው ስድስት ቀን ሲቀረው ማልደው ተነሱ። አዋሽን ተሻግረው ወደ ዴራ ሲቃረቡ ጉርሜሳ ከኋላዋ፣ «የግራሩ ጫካ ጋ ደርሰናል መሰለኝ። ጥላው ሲያልፍብኝ ይታወቀኛል። አለ አይደል ግራሩ?» አላት። ሸዋወርቅ ግራና ቀኝ አየች። የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ግራር ቆሟል፤ የቀረው ማሳና አዲስ የቆርቆሮ ቤት ነው።

«አለ» አለችው። «እንዳለ ነው።»

ፔዳሉ ከእግሯ ሥር ሲቀልላት ተሰማት። ባሏ በደስታ እየረገጠ ነበር። እንዲህ ከሆነማ ብላ ቀጠለችበት። ወንዙ ሙሉ ነው ወይ ሲላት ሙሉ ነው፤ ዋርካው ሲላት አለ፤ ሁሉም ነገር አለ።

ኢተያ ከእህቱ ቤት አደሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ሸዋወርቅን አስለቀሳት። ብዙውን ወርደው ገፉት። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሶ በግራቸው ቆሟል፤ ገብሱ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል፤ ብርዱ ጆሮዋን ይቆርጣል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል፤ ከባድ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፉላቸዋል። ጉርሜሳ ከኋላ ሆኖ «ጃባዱ!» ይላታል፤ በርቺ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። ሁለተኛውን ቀን አሰላ፣ ሦስተኛውን ቀን ከርሳ አደሩ።

በአራተኛው ቀን ሙኔሳ ጫካ ገቡ። መንገዱ ጠጠር ሆነ፤ አየሩ የጽድ ሽታ ያዘ።

«አሁን ልብ አድርጊ» አላት ጉርሜሳ። «በቀኝሽ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው ዝግባ አለ። እሱን እንዳለፍሽ ያለውን የቀኝ መንገድ ትይዣለሽ። ላንጋኖ የሚያወርደው እሱ ነው።»

ሸዋወርቅ ዝግባውን ፈለገች። ዝግባ በያለበት ነበር፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየችም። «ደረስን?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ድምፁ ውስጥ ስጋት ገብቶ፣ «እስካሁን አላየሽውም?» አላት። አንዱን ደህና ዛፍ መርጣ፣ «ይኸውልህ! ምን የሚያክል ነው!» አለችው። ከዚያ ያገኙትን የቀኝ መንገድ ያዙ።

መንገዱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ እንጨት የተጎተተበት ጭቃ ላይ አለቀ። ሸዋወርቅ ብስክሌቱን ይዛ እንደቆመች፣ ጉርሜሳ ወርዶ እጁን ዘርግቶ ተራመደ። እግሩ ጉቶ መታ። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤ የመጋዙን ፈለግ በመዳፉ ለየው። አምስት እርምጃ ተራምዶ ሌላ ጉቶ አገኘ፤ ቀጥሎም ሌላ።

«ሸዋዬ፣ ዝግባው የታለ?»

«አላየሁትም።»

«አለ አልሽኝ እኮ።»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።»

ጉቶው ላይ ተቀመጠ። «የዴራው ግራርስ?»

«ጥቂት ነው የቀረው።»

«ዋርካውስ?»

«ዋርካ የሚባል አላየሁም።»

«የእህቴ ግቢ ያለው ኮክስ?»

«እሱ እውነት ነው፤ አለ።»

«የማውቀውን አገር መልሰሽ ለኔው እንድትነግሪኝ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ?» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ማን ነው ማንን ያመጣው?» አለች እሷም። ጉልበቷ ዝሏል፤ እጇ በመሪው ቆስሏል፤ አልቻለችም፤ አለቀሰች። «በረንዳ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ መልሼ ማየት አልፈልግም። ሙሉ ነው ስልህ እግርህ ይበረታል። ምን ላድርግ?»

ጉርሜሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲዋሹኝ ነው የምታወረው» አላት። «የሌለውን የለም በይኝ። እናደዳለሁ፤ ግን አያለሁ።»

ከራሳቸው በላይ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸ። ሸዋወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ቀና አለች። «ጉሬዛዎች ናቸው። አምስት፤ አይ፣ ስድስት።»

«እውነት?»

«ማርያምን! አንዷ ልጅ አቅፋለች፤ ልጇ ድፍን ነጭ ነው።»

ፊቱን ወደ ድምፁ አቅንቶ እስኪሄዱ አዳመጠ።

ተመልሰው እንጨት የተሸከመች ሴት ጠይቀው ትክክለኛውን መንገድ አገኙ። ቁልቁለቱ ላይ ሸዋወርቅ ፍሬኑን ጨብጣ ስትይዝ፣ «አትያዢው፤ ነካ ነካ አድርጊው» ይላታል፤ እሷም «ጉድጓድ! ቀኝ! ላም!» እያለች ትጮሃለች። ላንጋኖ ሐይቅ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከሥራቸው ሲዘረጋ፣ ሠላሳ ዓመት ባሏን ምን ሲወስድባት እንደኖረ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

በአምስተኛው ቀን ሐይቁን በደቡብ ዞረው ዋናውን አስፋልት ያዙ። ላንጋኖን በቀኝ አድርገው ወደ ቡልቡላ ሲያቀኑ ጉርሜሳ፣ «በግራ አቢጃታ ይታይሻል?» አላት። «ወፎቹ ሐይቁን ሮዝ ያለብሱታል። ውሃው የት ድረስ ነው?»

ሸዋወርቅ አየች። ነጭ፣ ደረቅ፣ ጨው የጋገረበት ሜዳ ነው፤ ከሜዳው ማዶ ቀጭን ክር የመሰለ ውሃ ያበራል። ምላሷ «ሙሉ ነው» ሊል ተነሳ። ፍሬን ያዘች።

«ሸሽቷል፣ ጉርሜ። ብዙ ሸሽቷል። ሮዙ ነገር እንደ መስመር ሆኖ ሩቅ ይታየኛል።»

«ስንት ያህል ይርቃል?»

«በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ሳይሆን አይቀርም።»

«ውሰጂኝ።»

ብስክሌቱን መንገድ ዳር ካለች ሱቅ አደራ ሰጥተው፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ሜዳውን ተያያዙት። ጨዉ ከእግራቸው ሥር ይሰባበራል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ለከብት የሚሆን ጨዋማ አፈር አህያ የጫኑ ሽማግሌ አገኟቸው። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ተለዋወጡ። ሽማግሌው ከዚህ ወዲያ ጭቃው ሰው እንደሚውጥ ነግረዋቸው፣ «በልጅነቴ የዋኘሁት እዚህ የቆማችሁበት ላይ ነው» አሉ።

ጉርሜሳ ቁጭ ብሎ ከመሬቱ ጨው ቆንጥሮ ቀመሰ። ተቆጣ እንዳትል አልተቆጣም፤ አለቀሰ እንዳትል ዓይኑ ደረቅ ነው። «በይ እንሂድ፤ ሜቲ ትጠብቀናለች» አላት።

ባቱ ሲገቡ ሜቲ ሕፃኗን እንደታቀፈች በር ላይ ነበረች። እናቷን በቱታና በአቧራ ስታያት አፏን ይዛ ቀረች። ጉርሜሳ በክርስትናው ድግስ ላይ ለአማቾቹ ትልቁን ዙር ሲተርክ አመሸ፤ ግራሩ እንደተመናመነ፣ ዝግባው እንደሌለ፣ ጉሬዛዎቹ ግን ስድስት እንደሆኑ። ወደ አዳማ የተመለሱት ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ አስጭነው ነው፤ የሸዋወርቅ ጉልበት አብጦ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ሶደሬ፣ አንዳንዴ ቆቃ። እሷ ያየችውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ስታበዛው፣ «የዶሮውን ቀለም አልጠየቅሁም» ይላታል። ጉርሜሳ ዛሬ ኑሬ ወርክሾፕ የጎማ ሽቦ በጣቱ ያቃናል፤ ከሚያዩት ይልቅ እሱ ይሻላል ይላሉ።

ባለፈው ወር ወንጂ፣ በሸንኮራው መሃል በቦዩ ዳር ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ «ዛሬ አንዴ ከፊት ልሁን» አላት። ተከራከረችው፤ አልሰማም። እሷ ከኋላ «ግራ! ቀኝ! ቀጥ በል!» እያለች ሦስት መቶ እርምጃ ያህል እንደ ድሮው በረረ። ከዚያ «ቀኝ» ስትለው በደስታ ብዛት ግራ ዞሮ፣ ብስክሌቱም እነሱም ሸንኮራው ውስጥ ገቡ። ጥበቃው ሌባ የያዘ መስሎት ዱላውን ይዞ ሲሮጥ ቢመጣ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቅጠል ላይ ተንጋለው መነሳት እስኪያቅታቸው ሲስቁ አገኘ።